«የሐዘን ቤት» የሚለው ዓምድ

ታከር፣ አትላንታ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለወይዘሮ አረጋሽ፤ ደሴ

በዕድሜም በጸሎትም ለምትቀድመን ለአክስታችን ለእማማ ወይንሸት ጉልበቷን ስሜ፣ ቀጥሎም ቀጠናሽን ለዓመታት በቅንነት ላገለገልሽው ለአንቺ፣ ከዚያም ግቢሽን ለሚጋሩ ተከራዮችና ጎረቤቶች ሁሉ እንደየማዕረጋችሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ስልክ እያለ በመንገደኛ ወረቀት መላኬ ልጆቼን ያስቃቸዋል። አያቶቻችን ግን ወንድማማች ሆነው ሳለ በሁለት አውራጃ ሲለያዩ ዝምድናውን ያቆዩት በደብዳቤ ነው፤ እኔም ልማዳቸውን አልተውኩም።

ልጅሽ ማራኪ ደኅና ናት። እዚህ አቅራቢያ ስማይርና በምትባል ከተማ ተከራይታ ትኖራለች፤ ጎረቤቷ ማሪዬታ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና በፍርድ ቤት ነው። በአደራሽ መሠረት በሊቀመንበርነት ወደማገለግለው መረዳጃ እድር በመስከረም አስገብቻታለሁ። በእድራችን ፎርም ላይ፣ ከስምና ከስልክ ቀጥሎ፣ ሁለት ዓምዶች አሉ። አንደኛው «የመኖሪያ ወረቀት» ይላል፤ አባል ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ የትኛው ሰነድ እንደሚያስፈልግ አስቀድመን እንድናውቅ ነው። ሁለተኛው «የሐዘን ቤት» ይላል። ብቸኛ ሰው ቢሞት ለቀስተኛው የማን ደጃፍ ይቀመጣል? ስለዚህ ቤተሰብ የሌለው አባል የዘመድ ቤት ያስመዘግባል። ማራኪ የእኔን አስመዘገበች። «እንግዲህ ሞቼ ቤትዎን ላጣብብ ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ደረሰብን። የአዳራሻችን ጠባቂ አቶ ነጋ፣ ባለፈው ወር ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእድሩ ቫን ሥር ተኝተው የጭስ ማውጫውን ሊሸጡት በመጋዝ የሚቆርጡ ሌቦች አገኘ። በብረት ጭንቅላቱን መቱት። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ አሥራ ሰባት ቀን ሆስፒታል ተኛ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቼ በካርድ ብቻ የሚከፈት በር፣ የመኪና ታርጋ የሚያነብ ካሜራ እንዲተከል፣ ይህን ለሚሠራው የጥበቃ ድርጅትም የአባላት ዝርዝር እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረብኩ።

ማራኪ ተነሣች። «ጋሽ ሕሩይ፣ ነጋን የመታው ሰውዬ በካርድ ሊገባ ነበር እንዴ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «ካሜራው የሚያነበው የእኛን ታርጋ ነው። ያነበበውን ደግሞ ለማን ያነብለታል?»

አቶ ቶሎሳ ከኋላ ወንበር መለሰላት። «ልጄ፣ እኔ ሱዳን ውስጥ አራት ዓመት ያለ ስም ኖሬያለሁ። አሁን ስሜን ግንብ ላይ ቢጽፉት ደስታዬ ነው!» ተጨበጨበለት። እኔም የሚደብቀው የሌለው ሰው የሚፈራው እንደሌለ ተናግሬ ወደ ድምፅ ልወስደው ስል፣ «እናቴም እንዲህ ብላ ነው መዝገብ የያዘችው» ብላ ተቀመጠች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ውሳኔው በመቶ አሥራ ሁለት ድምፅ፣ በዘጠኝ ተቃውሞ አለፈ።

አክባሪሽ ወንድምሽ
ሕሩይ


ደሴ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ሕሩይ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እማማ ወይንሸት ሰላምታዎን ስትሰማ መርቃዎታለች፤ ማን እንደሆኑ ግን ሁለት ጊዜ አስነግራኛለች።

አቶ ነጋን እግዚአብሔር ይማርልን። ልጄ በጉባኤ ፊት ስለተናገረችው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወጣት ናት፤ ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነት ትከሻ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል አታውቅም። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ነው፤ ሥርዓት የሚጠላ ሰው ሁልጊዜ አለ፣ አደጋ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ያደረጉት ትክክል ነው።

ስለ መዝገብ የተናገረችው የቆየ የቤት ነገር ነውና አይጨነቁበት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ዝርዝሩን የሚይዘው ማን ነው?

አክባሪዎ
አረጋሽ


ታከር፣ አትላንታ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለወይዘሮ አረጋሽ

እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። የድጋፍ ቃልሽን ለሥራ አመራሩ አነበብኩላቸው፤ እጅግ ደስ አላቸው።

በሩ ተተክሏል፤ ካሜራውም ሥራ ጀምሯል። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስታወት አልተሰበረም። ነጋ በከዘራ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አባላት ካርዳቸውን ሲያሳዩት እንደ ድንበር ጠባቂ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ራሱ ይስቃል። ሰው ልጆቹን ይዞ ሳይሳቀቅ መግባት ጀምሯል። ይህን ስጽፍልሽ ኩራት ይሰማኛል።

ማራኪን በተመለከተ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት የአንድ አባላችን ሠልስት ነበር። እኔ እየነዳሁ ስመጣ ልጅሽ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ጎዳና ዳር ዳሩን ትሄዳለች። አቆምኩላት።

«መኪናሽ ተበላሸ?»

«አይ፣ ፈርኒቸር ቤቱ ጋ ፓርክ አድርጌያት ነው።»

«አዳራሹ ሰፊ ፓርኪንግ እያለው?»

«እግሬ ታርጋ የለውም፣ ጋሼ» አለችኝ።

መኪናው ውስጥ ግቢና እንሂድ ብላት እንቢ አለች። ለለቅሶው ስትቀመጥም ከበር ውጭ፣ ከነጋ አጠገብ ተቀመጠች። አልተቆጣኋትም። ጊዜ ሲያልፍ ትለምደዋለች።

ስለ ዝርዝሩ ለጠየቅሽው፣ በታመነ እጅ ነው።

አክባሪሽ
ሕሩይ


ደሴ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሕሩይ

ማራኪ ሦስት እሑድ አልደወለችልኝም። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። እርስዎም ቤት ስደውል ልጅዎ አንሥታ «አባዬ ስብሰባ ናቸው» ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ነበሩ።

ደኅና ከሆነች አንድ ቃል ይበቃኛል።

አረጋሽ


ታከር፣ አትላንታ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ የሚመጣ መንገደኛ አጥቼ ነው።

ማራኪ በሕይወት አለች፤ ጤናዋም ደኅና ነው። የካቲት 28 ቀን፣ ስማይርና ካለው አፓርታማዋ ለሥራ ስትወጣ፣ የኢሚግሬሽን ሰዎች መኪናዋ አጠገብ ጠብቀው ወሰዷት። ከዚህ ሦስት ሰዓት በመኪና በሚያስኬድ ማቆያ ትገኛለች። ጠበቃ ይዛለች፤ እድራችንም የአቅሙን እየረዳት ነው። ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነውና በእሷ ላይ ብቻ እንደመጣ አትቁጠሪው። ሕጉ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

ለእማማ ወይንሸት ባትነግሪያት ይሻላል።

አክባሪሽ
ሕሩይ


ደሴ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሕሩይ

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉልኝ።

የልጄ ጠበቃ አማርኛ ስለማያውቅ ሶስና የምትባል አስተርጓሚ አለችው። ሶስና ባለፈው ሐሙስ ደወለችልኝ። መንግሥት ባቀረበው ፋይል ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ተገኝቷል፤ ጠበቃው ምንነቱ ግራ ገብቶት ማራኪን ጠየቃት። የስም ዝርዝር ነው። በልጄ ስም ትይዩ፣ «የመኖሪያ ወረቀት» በሚለው ሥር «ጉዳይዋ በመታየት ላይ» ይላል። «የሐዘን ቤት» በሚለው ሥር የእርስዎ ስምና የታከር አድራሻዎ ተጽፏል። ሶስና «የሐዘን ቤት» የሚለውን ለጠበቃው ስትተረጉምለት፣ ሰውየው ሰዎቹ ሞቷን አስቀድመው ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት አለችኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። እድራችሁ ለሙታን የያዘው መዝገብ ሕያዋንን በሚያሳድዱ ሰዎች እጅ እንዴት ገባ? መዝገቡ ላይ የተጻፈው የእርስዎ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ሰዎቹ ስማይርናን ማን ነገራቸው?

ጠበቃው ከእርስዎ የሚፈልገው የተፈረመ ቃለ መሐላ ነው፤ ይህ ገጽ የእድር ምስጢር መሆኑን፣ ልጄም ሳትፈቅድ ለሌላ እንደተሰጠ የሚገልጽ። ካለዚያ አገሯ መላኳ እንደማይቀር ነግሯታል። ቀጠሮዋ ሐምሌ 30 ቀን ነው። እባክዎ ይፈርሙ።

ማራኪ በጉባኤያችሁ ስለ እኔ የተናገረችውን «የቆየ የቤት ነገር» ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ልንገርዎ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመን የቀጠናው ምክትል ሰብሳቢ ሆኜ የተከራዮችን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝ። ለሌባና ለሰርጎ ገብ መከላከያ ነው ተብሎ ነበር፤ አምኜበት ነበር። ሰው ቢያጉረመርም «የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» እለው ነበር። የራሴን ተከራይ፣ ሰርቪስ ቤቴ የሚኖረውን መምህር ለገሰን፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ስም፣ የመጣበት አገር፣ የሚጠይቁት ሰዎች። በሳምንቱ የጸጥታ ሰዎች ገጹን አስገልብጠው፣ መጥተው ለገሰን ወሰዱት። ማራኪ ስምንት ወር ስንቅ አመላለሰችለት። ቀጥሎ እሷ ራሷ በስንቅ አመላላሾች መዝገብ ተጻፈች። ከአገር የወጣችው ለዚህ ነው። ለገሰ ተፈትቷል፤ እዚሁ ሰፈር ይኖራል፤ እስከ ዛሬ ግን ሰላምታ አይሰጠኝም።

ስለዚህ በኅዳር የጻፍኩልዎት የድጋፍ ቃል የፈሪ ሰው ቃል ነበር። እርስዎን ትክክል ካልኩ እኔም ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነው።

ይፈርሙ፣ ጋሽ ሕሩይ።

አረጋሽ


ታከር፣ አትላንታ
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሆይ

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የጥበቃ ድርጅቱ ለካርድ ሥራ የአባላትን ስም ሲጠይቅ፣ ጸሐፊያችን አቤኔዘር ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጠርቶኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን የወረቀት ኮለም ዲሊት ላድርገው? ለበር ምን ይሠራላቸዋል?» አለኝ። «ሙሉ ዝርዝር ነው የጠየቁት፤ በመንግሥት ሕግ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ እኛም የጎደለ ነገር አንሰጥም» አልኩት። እሱም «እሺ» ብሎ ላከው። በውሉ ላይ ድርጅቱ መረጃውን «ሕግ ለፈቀደለት ሁሉ» ሊያጋራ እንደሚችል የሚል መስመር ነበረ። አንብቤዋለሁ። ሕግ የሚለውን ቃል ሳይ ልቤ አረፈ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከዚህ ይከብዳል። የካቲት 26 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች በሬን አንኳኩ። ጨዋዎች ነበሩ፤ «ሰር» አሉኝ። ማራኪ እዚህ ትኖራለች ወይ ብለው ጠየቁ። እዚህ እንደማትኖር፣ ስማይርና እንደምትኖር ነገርኳቸው። የአፓርታማውን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለሥራ በስንት ሰዓት እንደምትወጣም ጠየቁኝ። ሲሄዱ አመሰገኑኝ። እኔም መንግሥት አክብሮኝ እቤቴ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ መስሎኝ፣ በሩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ነበርኩ። የፍርድ ቤት ማዘዣ አሳዩኝ ማለት እንደምችል፣ ምንም አለመናገርም መብቴ እንደሆነ፣ በዚህ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ አውቃለሁ። ለዜግነት ፈተና አጥንቼዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው ስደተኛ ጣቢያ ሳለሁ ለሚጠይቀኝ ባለሥልጣን ሁሉ የምሰጠው መልስ ነው፤ ሙሉና ፈጣን። ያን ጊዜ ያተረፈኝ እሱ ነበር።

በቃለ መሐላው ላይ የእድራችን የሕግ አማካሪ እንዳልፈርም መከረን። ከፈረምኩ በዚያው ዓምድ ሥር ያሉ ሌሎች አሥራ አራት አባላት ይጋለጣሉ፣ እድሩም ይከሰሳል አለ። ሥራ አመራሩ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ «ይቆይ» አለ። እኔም የጉባኤን ውሳኔ አክብሬ ቆየሁ። ነሐሴ 10 ቀን ለብቻዬ ሄጄ ፈረምኩ። ቀጠሮው ካለፈ አሥር ቀን ሆኖት ነበር።

አንቺም በኅዳር ደግፈሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ይህን መስመር ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ከጻፍኩት በኋላ ግን ሰርዤ ንጹሕ ሰው መምሰል አልፈለግሁም።

አሁን አዳራሹ ባዶ ነው። አባላት መኪናቸውን ፈርኒቸር ቤቱ ጋ ያቆማሉ፤ ብዙዎቹ ከናካቴው ቀርተዋል። አቶ ቶሎሳ እንኳ መጥቶ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ስሜን መልስልኝ» ብሎኝ ሄደ። በጥቅምት መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ሐፍረቴን ውጬ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለጉባኤው የሚነበብ ጥቂት የይቅርታ ቃል ብትጽፊልን፣ ከአንቺ አፍ ሲሰሙት ሰዎቹ ይመለሱ ይሆናል።

ወንድምሽ
ሕሩይ


ደሴ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

በጉባኤ የሚነበብ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ክቡር የእድሩ ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፣ ደምዎ በዚያ ግቢ የፈሰሰ የተከበሩ አቶ ነጋ፣ እንዲሁም ካርዳችሁን ይዛችሁም ሆነ መልሳችሁ የተገኛችሁ ክቡራን አባላት፤ እንደየማዕረጋችሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሊቀመንበራችሁ የይቅርታ ቃል እንድጽፍላችሁ ጠይቀውኛል። እኔም በዘመኔ መዝገብ ይዤ ሰው አስወስጃለሁ። የበደልኩት ሰው በየማለዳው በደጄ ያልፋል፤ ቀና ብሎ አያየኝም። እሱ ያልሰጠኝን እኔ ለእናንተ የማካፍልበት መንገድ የለኝም።

ልጄ ማራኪ መስከረም 14 ቀን ቦሌ ገባች። ንብረቷን በላስቲክ አድርገው መልሰውላታል፤ የተዘጋ ስልክ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የበራችሁ ካርድ። ካርዱን አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀመችበትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

አቶ ነጋን መጠበቅ ይገባችኋል፤ ይህን አልክድም። መብራት አብሩ፣ አጥራችሁን አጥብቁ፣ ጎልማሶቻችሁ ተራ ገብተው አጠገቡ ይቀመጡ። የአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት እንዳይመታ የአሥራ አምስት ሰው ወረቀት ማወቅ ግን ለማንም አያስፈልግም። ያን ዓምድ ሰርዙት። የልጄንም ስም ሰርዙ።

ይህን ያህል ለጉባኤው ይብቃ። ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ብቻ ነው፣ ጋሽ ሕሩይ።

ማራኪ በገባች በአምስተኛው ቀን በእኔ ወንበር የተተካችው የቀጠናው ምክትል ሰብሳቢ መዝገቧን ይዛ መጣች። ያው መዝገብ ነው፤ የፊተኛው ገጽ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«እትዬ አረጋሽ፣ አዲስ የገባ ሰው አለ ተባለ። ለጥበቃ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።»

«ከእኔ በቀር ማንም የለም» አልኳት።

ገመድ ላይ የተሰጣውን አየች። «ይሄ ጂንስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እትዬ ጂንስ ጀመሩ?»

«ጡረታ ወጣሁ እኮ፣ ልጄ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። መዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፈችና ሄደች። ማራኪ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ ጂንሱን ከገመዱ አወረደች። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈችኝ ያን ዕለት ነው።

በሳምንቱ ከቤቴ ወጣች። የት እንዳለች አውቃለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልጽፍልዎትም። አንድ ቀን ጨዋ ሰው መጥቶ በትሕትና ይጠይቅዎታል፤ እርስዎም እውነቱን ይነግሩታል።

ልጄ ብትሞት ለቀስተኛዋ የሚቀመጥበት ደጃፍ ስለ ሰጧት አመሰግናለሁ። ጉባኤያችሁ የሰመረ፣ ግቢያችሁም ከሌባ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

አረጋሽ